ቤቱን የዘፈነው ሰው፦ የጆን ሌነን አጭር የሕይወት ታሪክ



በእኛ አገር፣ በጋይንትም ይሁን በስማዳ ወይም በእስቴ፣ ሠርግ ሲደገስ ዘፈን አይታጣም። ሙሽራው ይወደሳል፣ ሙሽሪት ትሞገሳለች፣ ሚዜው ይሞካሻል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በዳሱ ውስጥ ይዞራል። ዳሱ ፈርሶ፣ እንግዳው ተበትኖ፣ ሁለቱ ተጋቢዎች ጎጆ ከወጡ በኋላ ግን ያ ሁሉ ዘፈን ጸጥ ይላል። ሊጥ ማቡካቱን፣ ልጅ ማስተኛቱን፣ ተኳርፎ መታረቁን የሚዘፍንለት እምብዛም ነው። ሠርግ ይዘፈንለታል፤ ትዳር ግን ሳይዘፈንለት ይኖራል።

ዛሬ የማቀርብላችሁ ይህንኑ ያልተዘፈነውን ኑሮ የዘፈነ ሰው ታሪክ ነው። ስሙ በዓለም ከናኘ በኋላ መድረኩን ትቶ አምስት ዓመት ልጅ ሲያሳድግ ቆየ፤ ከዚያም ያንኑ የቤት ውስጥ ኑሮ በአንድ አልበም አስቀረጸው። አልበሙ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። ይህ ሰው እንግሊዛዊው ጆን ሌነን ነው። አንዳንዶቻችሁ ስለ ፈረንጅ ዘፋኝ ምን አገባን ትሉ ይሆናል። እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ከዚያ ፍረዱ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

ጆን ሌነን የተወለደው ኦክቶበር 9 ቀን 1940፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 29 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ሊቨርፑል በምትባል የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ነው። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነበረና ከተማይቱ በጀርመን አውሮፕላኖች ትደበደብ ነበር። አባቱ አልፍሬድ በንግድ መርከብ ላይ የሚሠራ መርከበኛ ነው። ልጁ ሲወለድ እሱ ባሕር ላይ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ብዙውን ጊዜ ያሳልፍ የነበረው ባሕር ላይ ነው። መጀመሪያ ገንዘብ ለቤቱ ይደርስ ነበር፤ ኋላ ግን ገንዘቡም ቀረ፣ ሰውየውም ቀረ።

እናቱ ጁሊያ ሣቂና ተጫዋች፣ ሙዚቃ የምትወድ ሴት ነበረች፤ ኑሮዋ ግን አልረጋ አላት። ጆን የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ታላቅ እኅቷ ሚሚ ወስዳ ታሳድገው ጀመር። አክስቱ ሚሚና ባሏ ጆርጅ የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። ቤታቸው ሥርዓት ያለው ነበር። ልጁ አልተራበም፣ አልታረዘም፣ መጻሕፍትም አላጣም። ያጣው አባትና እናቱን ነው። በ1955 ደግሞ እንደ አባት ያየው የነበረው አጎቱ ጆርጅ በድንገት ሞተ።

ጆን ከፍ ሲል ከእናቱ ጋር እንደገና ተቀራረበ። ቤቷ ሩቅ ስላልነበረ እየሄደ ይጠይቃት ጀመር። ባንጆ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ጊታር መማር የጀመረውም በእሷ አበረታችነት ነው። ሊተዋወቁ ሲሉ ግን ሞት ቀደማቸው። ጁላይ 15 ቀን 1958 ጁሊያ እኅቷን ጠይቃ ስትመለስ መንገድ ላይ መኪና ገጭቶ ገደላት። ጆን ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር። ይህችን ዕድሜ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ዝናና የመጀመሪያው ትዳር

ጆን ከእናቱ ሞት በፊት ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር የሙዚቃ ቡድን አቋቁሞ ነበር። ጁላይ 6 ቀን 1957 በአንድ ቤተ ክርስቲያን በዓል ላይ ሲጫወቱ ፖል ማካርትኒ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋወቀ። ፖልም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እናቱን በሞት ያጣ ነበር። ሁለቱ እናት አልባ ልጆች አብረው መዝፈንና ዜማ መድረስ ያዙ። ኋላ ጆርጅ ሃሪሰንና ሪንጎ ስታር ተጨመሩና ዓለም ቢትልስ ብሎ የሚያውቀው ቡድን ተሟላ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በኦክቶበር 1962 ወጣ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተመለከታቸው። እንዲህ ያለ ዝና በዚያ ዘመን ማንም ሙዚቀኛ አይቶት አያውቅም ነበር።

የቤቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ጆን ኦገስት 23 ቀን 1962 ሲንትያ ፓወል የምትባል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጓደኛውን አገባ። እሷ አርግዛ ስለነበር ሠርጉ ጥድፍ ጥድፍ ያለ፣ ድግስም ዘፈንም ያልነበረው ነበር። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ፣ ሚስት እንዳለው ከታወቀ ኮረዶቹ ይሸሻሉ ብሎ ስለ ሰጋ ጋብቻው ተደብቆ ቆየ። ልጃቸው ጁልያን ኤፕሪል 8 ቀን 1963 ተወለደ። አባት በሥራ ላይ ስለነበር ልጁን ያየው ከቀናት በኋላ ነው። ከዚያም ወዲያ ለሕፃኑ ጁልያን አባት ማለት ሲሄድ እንጂ ሲቀመጥ የማይታይ ሰው ሆነ። ቤት በሚውልበት ቀን እንኳ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ጆን በወጣትነቱ ቁጡ እንደነበርና በሴቶች ላይ እጁን እስከ ማንሣት ይደርስ እንደነበር ኋላ ራሱ በአደባባይ አምኗል። ይህን የምጽፈው ላዋርደው አይደለም፤ ታሪኩ ያለዚህ ጎዶሎ ስለሚሆን ነው።

በኖቬምበር 1966 ለንደን ውስጥ ዮኮ ኦኖ ከምትባል ጃፓናዊት ሠዓሊ ጋር ተዋወቀ። በ1968 ከሲንትያ ጋር በፍርድ ቤት ተለያዩ፤ ማርች 20 ቀን 1969 ዮኮን አገባ። ወላጆቹ ሲለያዩ ጁልያን ገና አምስት ዓመቱ ነበር። አባትየው ወደ አክስቱ ቤት የገባውም በዚያው ዕድሜ እንደነበር አስታውሱ።

በዚያ በ1968 ስለ ጁልያን ሁለት ዘፈኖች ተሠሩ። አንዱ ጆን ልጁን ማስተኛ እንዲሆን የደረሰው ጉድ ናይት የተባለው እሹሩሩ ነው። ነገር ግን ራሱ አልዘፈነውም፤ ለሪንጎ ሰጠው። ሁለተኛው ሄይ ጁድ የተባለው የታወቀ ዘፈን ነው። ይህን ደግሞ ሕፃኑ አዝኗል ብሎ ሊያጽናናው የደረሰው ፖል ነው። እንግዲህ ልጁን አንዱ አስተኛው፣ ሌላው አጽናናው። ሁለቱንም ግን በመሪነት የዘፈነው አባቱ አልነበረም።

ወደ ቤት መመለስ

ቢትልስ በ1970 ተበተነ። ጆን በዚያው ዓመት መጨረሻ ያወጣው አልበም መጀመሪያ ላይ አንድ ከባድ ደወል ቀስ እያለ ይደወላል፤ የሐዘን ደወል ነው። ተከትሎ የሚመጣው ማዘር የተባለው ዘፈን ሲሆን፣ 30 ዓመት የሞላው ሰው እናቱንና አባቱን እየጠራ እንደ ሕፃን የሚያለቅስበት ነው። በ1971 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ እዚያው ተቀመጠ። የቬትናምን ጦርነት ይቃወም ስለነበር የአሜሪካ መንግሥት ከ1972 ጀምሮ ከአገር ሊያስወጣው በፍርድ ቤት ይሟገተው ያዘ። ትዳሩም ተናጋ። በ1973 ከዮኮ ተለያይቶ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በመጠጥና በከንቱ አሳለፈው። በ1975 መጀመሪያ ላይ ታርቀው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወቱ ክፍል ነው እኔን ያስገረመኝ። ኦክቶበር 7 ቀን 1975 ፍርድ ቤቱ ከአገር ይውጣ የተባለውን ውሳኔ ሻረለት። በሁለተኛው ቀን፣ ኦክቶበር 9፣ ልክ 35ኛ ዓመቱን በያዘበት ዕለት፣ ሾን የተባለው ልጁ ተወለደ። ከሾን በፊት ዮኮ ደጋግሞ አስወርዷት ስለነበር ልጁ እጅግ የተናፈቀ ነበር። ጆን ከሸክላ አሳታሚው ጋር የነበረው ውል በ1976 ሲያልቅ ሌላ ውል አልፈረመም። ጊታሩን ሰቀለና ቤት ተቀመጠ።

ባልና ሚስት ሥራ ተለዋወጡ። ገንዘቡንና ንብረቱን ዮኮ ያዘች። ቤት ትገዛለች፣ ትሸጣለች፣ የወተት ላሞችም ታረባለች። በ1980 አንዲቱ ላም ብቻዋን በ265,000 ዶላር ተሸጠችላት። የላም ዋጋ በአርብ ገበያ ወይም በንፋስ መውጫ ገበያ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ተረት ይመስላል፤ ግን እውነት ነው። ጆን ደግሞ የልጁን ምግብ፣ እንቅልፍና ጨዋታ ያዘ። ዳቦ መጋገርም ተማረ። የመጀመሪያውን ዳቦ ከምድጃ ሲያወጣ ደስታው ገንፍሎ ፎቶግራፍ አነሣው። ዳቦው ግን ወዲያው ተበላ፤ ያጨበጨበም የሸለመም አልነበረም። የቤት እመቤቶች ዘመናቸውን በሙሉ ሳይጨበጨብላቸው እንደሚሠሩ ያን ጊዜ እንደ ገባው ኋላ ተናግሯል።

እርግጥ ነው፣ ሰውየው ሀብታም ነበር፤ ሞግዚትና የቤት ሠራተኞች ነበሩት። ውኃ ከምንጭ በእንስራ አልቀዳም፣ ጭስ ዓይኑን አላጠፋውም። የእናቶቻችንን ድካም ቀመሰ ብል እዋሻለሁ። ቢሆንም ዓለም በሙሉ ና ዝፈን እያለው ልጁ አጠገብ መቀመጥን መርጧል፤ ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም።

አልበሙ

በ1980 ክረምት ጆን በሸራ በምትነዳ ጀልባ ወደ ቤርሙዳ ደሴት ተጓዘ። መንገድ ላይ ከባድ ማዕበል ተነሣ። ሌሎቹ ታመው ሲወድቁ የጀልባዋን መሪ ለሰዓታት ብቻውን ይዞ ቆመ። የመርከበኛ ልጅ አይደል! ደሴቱ ላይ ሾን መጣለትና አባትና ልጅ አብረው ሰነበቱ። አንድ ቀን የአትክልት ቦታ ሲጎበኙ ደብል ፋንታሲ የሚል ስም የተጻፈበት አበባ አየ። ጥንድ ሕልም እንደ ማለት ነው። ለባልና ሚስት ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይገኛል ብሎ የአልበሙ መጠሪያ አደረገው።

ቀረጻው በኦገስት 1980 ኒው ዮርክ ውስጥ ተጀመረ፤ አልበሙ ኖቬምበር 17 ቀን ወጣ። አሠራሩ ልዩ ነው። በውስጡ 14 ዘፈኖች አሉ፤ ሰባቱ የጆን፣ ሰባቱ የዮኮ ናቸው። ባል ይናገራል፣ ሚስት ትመልሳለች፤ እንደ ማታ ጨዋታ ይቀባበላሉ። መጀመሪያ ላይ ደወል ይሰማል። ነገር ግን እንደ 1970ው ከባድ የሐዘን ደወል አይደለም፤ ቀለል ያለች ትንሽ ደወል ናት። ቀጥሎ የሚመጣው ዘፈን ረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ፍቅራቸውን እንደ አዲስ እንጀምር የሚባባሉበት ነው። ከሐዘን ደወል እስከዚህች ደወል ድረስ አሥር ዓመት አልፏል። የሰውየውን ሕይወት በሁለት ደወል መተረክ ይቻላል ባይ ነኝ።

ሌሎቹም ዘፈኖች ከቤት አይወጡም። በአንዱ ለምን ዘፈን ተውህ እያሉ ለሚነዘንዙት መልስ ይሰጣል። በአንዱ ሚስቱን፣ በእሷም በኩል ሴቶችን ሁሉ ያመሰግናል። በሌላው ደግሞ ቤርሙዳ ሳለ ለሚስቱ ስልክ ቢደውል አልገናኝ ብሎት የተሰማውን ፍርሃት ያወጣል። ጭቅጭቁም አልተደበቀም፤ ትዳር ማር ብቻ ነው አይልም። ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው ቢዩቲፉል ቦይ የተባለው የሾን ማስተኛ ነው። አባት ልጁን አይዞህ፣ የሚያስፈራህ የለም እያለ ያባብላል፤ አድገህ እስካይህ ቸኩያለሁ፣ ግን ሁለታችንም እንታገሥ ይለዋል። ይህን እሹሩሩ ለሪንጎ አልሰጠውም፤ በራሱ ድምፅ ዘፈነው።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ሃያስያን አልወደዱትም። ስለ ዓለም ሰላም ይጮኽ የነበረው ሰው ስለ ሚስቱና ስለ ልጁ ብቻ ያወራል፣ ኑሮው የደላው ሰው ዘፈን ነው አሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቤቱን ያላቀና ሰው ዓለምን አቀናለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

አሟሟቱ

ዲሴምበር 8 ቀን 1980፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 29 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ጆን ከቤቱ ሲወጣ አንድ የ25 ዓመት ወጣት ደጅ ላይ ጠብቆ ያንኑ አልበም አስፈረመው። ጆንና ዮኮ እስከ ማታ ስቱዲዮ ሲሠሩ ቆዩ። ሲጨርሱ ውጭ ራት እንብላ የሚል አሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ጆን ግን ሾን ሳይተኛ ልድረስበት ብሎ ወደ ቤት እንሂድ እንዳለ ዮኮ ኋላ ተናግራለች። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ደጃቸው ደረሱ። ያ አልበሙን ያስፈረመው ወጣት እዚያው ቆሞ ነበር። ከኋላው ተኩሶ ገደለው። ጆን 40 ዓመቱ ነበር።

ሕዝቡ አልቅሶ አላባራም። ሃያስያን የናቁት አልበም በብዙ አገሮች አንደኛ ወጣ፤ በፌብሩዋሪ 1982 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ የግራሚን ሽልማት አገኘ። ሽልማቱን ዮኮ ተቀበለች።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኋችሁ ዕድሜ ልመለስ። ጆን እናቱ ስትሞት 17 ዓመቱ ነበር። እሱ ሲሞት ጁልያንም 17 ዓመቱ ነበር። ሾን ደግሞ አምስት ዓመቱ ነበር። አባትየው በልጅነቱ የተጎዳባቸው ሁለቱ ዕድሜዎች፣ አንዱ ለአንዱ ልጅ፣ ሌላው ለሌላው ደረሱ።

እኛና ይህ ታሪክ

እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ። መሬታችን ጠባብ፣ አፈሩም ታጥቦ ድንጋዩ የወጣበት ነው። አባቴ በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ሁመራ ወይም ወደ መተማ ይወርድ ነበር። ሕፃን ሳለሁ አንድ ጊዜ ሲመለስ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተሸሽጌ ይህ ሰውዬ ማነው ብዬ ጠየቅኋት አሉ። አባቴ ያመጣልኝን ከረሜላ እንደ ያዘ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ኋላ ወባ ስለ ጎዳው መውረዱን ተወ። የመጨረሻዋ እኅቴ የተወለደችው ያን ጊዜ ነው። እሷን አዝሎ ሲዞር፣ ማታ በኩራዝ ፊደል ሲያስቆጥራት አይቻለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ደሞ አሞኛል። ሁለቱም እውነት ነው።

ለዚህም ነው የጆንን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ ከሾን ይልቅ ጁልያን ላይ ያረፈው። አባትየው ጥፋቱን አውቆ ተመልሷል፤ መመለሱም ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ለሁለተኛው ልጅ የተጋገረው ዳቦ የመጀመሪያውን አያጠግብም። ጆን ለጁልያን ለሾን የሆነውን ያህል እንዳልሆነለት ራሱ አምኗል፤ የሚክስበትን ጊዜ ግን አላገኘም። አባቴ ግን እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለ። ባለፈው ለበዓል ቤት ስገባ ጎኑ ተቀምጬ ስለ መተማ ጠየቅሁት። መሸ፤ አልጨረሰልኝም።

ጓደኞቼ እጩ መምህራን፣ ጥቂት ጊዜ ቆይተን ወደየምድባችን እንሄዳለን። በምንገባበት ክፍል ውስጥ ሾንም ጁልያንም በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው እናገኛቸዋለን። አንዱ ማታ አባቱ ደብተሩን ያየለት ነው፤ ሌላው አባቱ የት እንዳለ እንኳ የማያውቅ ነው። ሁለቱም የቤት ሥራ ሳይሠሩ ቢመጡ ሁለቱንም ወላጅ ይዛችሁ ኑ ብለን እናባርር ይሆናል፤ ልማዳችን ነውና። አንደኛው ይሄድና አባቱን ይዞ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ ይውላል፤ የሚያመጣው ሰው የለውምና። ስለዚህ ልጁን ከማስወጣታችን በፊት አባቱ ያለበትን ቀስ ብለን እንጠይቀው። ዝም ካለም ዝምታውን እንደ ድፍረት አንቁጠርበት።



ከአንድ የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ